ወንድሜ ሺህ ጊዜ የሞተበት ከሰዓት

ሰው የሚሞተው አንድ ጊዜ ነው ይባላል። ይህን ያለ ሰው ኮምፒውተር አላየም።

ስናገርም ስጽፍም ስለሚተናነቀኝ ወዲያና ወዲህ ብል ታገሡኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ ስል፣ ክፍሉ ጨረሰኝ ማለቴ ነው። የማትሪክ ውጤቴን ያየ ሰው ሁሉ «አይዞህ» ሲለኝ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ብቻ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ፣ «እኔ ይሄን ውጤት ላምጣ ብል እንኳ አይሳካልኝም፤ ብዙ ልፋት ይጠይቃል» አለኝ። ምላሱ እንዲህ ነበር። አሁን የለም። የወፍ በሽታ ያዘው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ጠበልም ሐኪምም ተራ በተራ ሞከሩት፤ ከዚያ ሄደ።

ሰፈራችን እሪ በከንቱ ነው፤ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ። ስሙን ያወጣለት ሰው ምን ደርሶበት እንደነበር አላውቅም። በዚያ ሰሞን ግን እናቴን አይቶ ያወጣው ይመስለኝ ነበር።

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ትከሻዬን ጨብጦ «እንግዲህ እሱን የምትተካው አንተ ነህ» ይለኛል። ጌታቸው ኮምፒውተር የሚያዝዝ ሰው ነበር፤ እኔ የእጅ ሰዓቴን መሙላት የምረሳ ሰው ነኝ። ይህን ለማን ላስረዳ? አክስቴ ኮቱን አምጥታ አለበሰችኝ። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። «ልክህ ነው!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ለቅሶ ቤት የማይዋሽ የለም።

መከራዬ የመጣው ከቀብሩ ነው። መቼም ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። የት ተወለደ፣ ምን ተማረ፣ ምን ሠራ፣ ማንን ትቶ ሄደ። ምንም ያልሠራ ሰው እንኳ በዚያች ቀን አንድ ገጽ አያጣም። የጌታቸው ቀን ግን ሰማይ ተቀደደ። የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ ወረቀቱን ከኪሱ ሲያወጣ ሊጥ ሆኖ ወጣ። ወዲያ ገለጠው፣ ወዲህ ገለጠው፤ «እንግዲህ... ጓድ ጌታቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን» ብሎ ጃንጥላ ሥር ገባ።

እናቴ ዝናቡንም ሞቱንም ለእግዜር ተወችለት። ይሄን ግን አልተወችም።

«ልጄን አንድ ቃል ሳይነገርለት አፈር አለበሱት» ትላለች፣ በነጋ በጠባ። «ለአርባው ታሪኩ ይነበባል። የምታመጣው አንተ ነህ፤ የምታነበውም አንተ ነህ።»

«እማዬ፣ እኔ ሰው ፊት...»

«ታነባለህ።»

ልጽፈው ሞከርኩ። «ጌታቸው ተወለደ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ሲወለድ አላየሁም፤ እኔ የመጣሁት ከሱ በኋላ ነው። «ጌታቸው ሞተ» ብዬም ጻፍኩ። ይሄኛውን አይቻለሁ። መሐሉን ግን ብዕሩ እምቢ አለኝ። እንዲህ እንዲህ ስል የአርባው ዋዜማ ደረሰና ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ።

መሥሪያ ቤቱ ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶት ከሄደ ወዲህ ቀለም ያልነካው ፎቅ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ክፍል ግን ሌላ አገር ነው። ለሰው ያልተገኘ ቀዝቃዛ አየር በመሣሪያ ይቀርብለታል። አቧራ ስለሚፈራ ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው፣ ልክ እንደ መቅደስ። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቴን መደበቅ ትቶ ነበር። ጣቴን አጥፌ፣ እያነከስኩ ገባሁ።

ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ተፈራና ሙሉጌታ። ሁለቱም የወንድሜ ባልንጀሮች ናቸው። ሬሳውን ከተሸከሙት ውስጥ ነበሩ። ተፈራ መነጽራም ረጅም ነው፤ የተማረው አራት ኪሎ ነው። ሙሉጌታ አጭር ነው፤ ቡልጋሪያ ተምሮ ዲግሪና የቆዳ ኮት ይዞ የተመለሰ። ሦስተኛው ወንበር ላይ የወረቀት ካርቶን ተቀምጧል። የማን ወንበር እንደነበር አልጠየቅኩም።

«የሕይወት ታሪክ?» አለ ተፈራ። «ምን ችግር አለ! የጋሽ በየነ አለ አይደል?»

ጋሽ በየነ አምና ያረፉ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። ያ ማሽን አማርኛ መጻፍ የጀመረ ሰሞን መጀመሪያ የገባበት ጽሑፍ የሳቸው የሕይወት ታሪክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመሥሪያ ቤቱ የሞተ ሁሉ የሚቀበረው በጋሽ በየነ ታሪክ ነው። ስሙ ብቻ ይቀየራል።

«ሰው አያውቅም?» አልኩ።

«የሞተው አይሰማ፣ የቆመው አያዳምጥ» አለ ሙሉጌታ። «ማሽኑ በየነ የሚለውን እየፈለገ ጌታቸው ብሎ ይተካል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቁጭ በል።»

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ «አንድ ደቂቃ» ያላችሁ ሰው ካለ፣ ራት ይዛችሁ ሂዱ።

«ትንሽ ችግር አለች» አለ ተፈራ መነጽሩን እየጠረገ። «ወንድምህ አንድ ፊደል ይበልጣል።»

«ማንን?»

«በየነን ነዋ። በየነ ሦስት ነው፣ ጌታቸው አራት። ያቺ ትርፍ ፊደል እንድትገባ ከኋላዋ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ መጠጋት አለበት። ውይይት ታክሲ ላይ አንድ ሰው ሲጨመር አላየህም? እንደሱ ነው።»

«ይሄ ያንተ መንገድ ነው» አለ ሙሉጌታ። «ስሙ በመጣ ቁጥር የገጹን ሕዝብ በሙሉ ታስነሣለህ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ አደረግከው እኮ! እኔ ብሆን ጽሑፉን በየነ ባለበት ሁሉ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ቁርጥራጩን አዲስ ቦታ ላይ፣ ጌታቸውን መሐል መሐሉን እየጨመርኩ እገጥመዋለሁ። ማንም ማንንም አይገፋም።»

«አዲስ ቦታው ከየት ይመጣል? ማሽኑ ያለችው የማስታወሻ ቦታ የጉንዳን ጭንቅላት ታክላለች። ቡልጋሪያ መቆራረጥ ብቻ ነው ያስተማሩህ?»

«አራት ኪሎስ ከመገፋፋት ሌላ ምን አስተማረህ?»

«የኔ ይፈጥናል።»

«ባንተ ቤት።»

«እንለካው!»

ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እኔ አውራ ጣቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

እያንዳንዱ የየራሱን ፕሮግራም ጻፈ። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ከኋላ ቆሞ ያሾፋል። ሲጨርሱ መጀመሪያ የተፈራን አስኬዱት። ቁልፍ ተጫነ። አለቀ። የሙሉጌታን አስኬዱት። አለቀ። ዓይኔን እንኳ አልጨፈንኩም።

«የቱ ቀደመ?» አልኩ።

«አይታወቅም። ሁለቱም ለሰው ዓይን ፈጠኑ።»

«እንግዲያው... ካለቀ... ይታተምልኝ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከገጠር ትናንት የገባ ፋራም እንደዚያ አይታይም።

«ሳይለካ?» አለ ሙሉጌታ። «እንዲህ የፈጠነ ነገር የሚለካው ተደጋግሞ ነው። ሺህ ጊዜ እናስኬደውና ጠቅላላውን በሰዓት እንይዘዋለን።»

«አንዴ ከተተካ በኋላ ግን» አለ ተፈራ፣ «የሚተካ በየነ አይኖርም።»

«በየዙሩ በየነን እንመልሰዋለን። ከዚያ እንደገና ጌታቸውን እንተካለን።»

«ሺህ ጊዜ?» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር።

«ሺህ ጊዜ።»

ስክሪኑ ላይ ቁጥር መሮጥ ጀመረ። እነሱ ቁጥሩን ያያሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ፤ ምን ላድርግ። በያንዳንዱ ቁጥር ወንድሜ ይገባል፣ ይወለዳል፣ ይማራል፣ አገሩን ያገለግላል፣ ባደረበት ሕመም በሞት ይለያል። ወዲያው ጋሽ በየነ ከመቃብር ብድግ ብለው ቦታቸውን ይረከባሉ። ገና ሳይደላደሉ ወንድሜ ተመልሶ ይመጣል፣ ይወለዳል፣ ይሞታል። እናቴን አሰብኳት። እሷ አንዱን አልቻለችውም።

የሙሉጌታ ቀደመ። ሙሉጌታ በካልሲው ዘለለ።

«አይቆጠርም!» አለ ተፈራ። «የኔ ሲጀምር ማሽኑ ገና አልሞቀም ነበር። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ።»

ተገለበጠ። ሌላ ሺህ። የሙሉጌታ አሁንም ቀደመ።

«ጽሑፉ አጭር ስለሆነ ነው፤ የኔ የሚታየው በረጅም ላይ ነው» አለ ተፈራ። የጋሽ በየነን ታሪክ አሥር ጊዜ ቀጣጠሉት። ሰውዬው አሥር ጊዜ ተወልደው አሥር ጊዜ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ሞቱ። በረጅሙማ ተፈራ ጭራሽ ወደቀ። ያ ሁሉ ፊደል ሲገፋፋ ከመስኮቱ ውጭ ጀንበሯም ወደ ጊዮርጊስ በኩል አዘቀዘቀች።

«ቢያንስ በእጅ ከመሥራት እፈጥናለሁ» አለ ተፈራ፣ ክብሩን ከየትም ለመልቀም። ከዚያ እኔን አየኝ። አንድ የታተመ የበየነ ገጽና እስክርቢቶ ሰጠኝ። «አንተ በእጅ ነህ። በየነን ሰርዝ፣ ከላዩ ጌታቸው በል። ጀምር!»

ሰዓቱን ያዘብኝ። ወንድሜን በሰዓት እየተወዳደርኩ ልቀብረው ነው።

በእጅ ሲሠራ አንድ መጥፎ ነገር አለ፤ ሰው ያነባል። ማሽኑ በየነን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ የበየነን ግራና ቀኝም አየሁ። «ለሠላሳ ዓመታት በቅንነት አገልግሎ»። «ዝምተኛና ታጋሽ»። «የስድስት ልጆች አባት»። እስክርቢቶዬ «ሟች» የምትለው ላይ ደርሶ ቆመ።

«ምነው ቆምክ? ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለ ሙሉጌታ።

«ይሄ... ይሄ እኮ ጌታቸው አይደለም።»

«ስሙ ሲቀየር ይሆናል።»

«ሕይወቱስ?»

ተፈራና ሙሉጌታ ተያዩ። ሙሉጌታ፣ «ሕይወቱን መቀየር ሌላ ፕሮግራም ነው» አለ፤ ያለውን ራሱ ሲሰማው አንገቱን ደፋ።

ተፈራ ሰዓቱን አስቀመጠ። «እንዲህ ነበር የምንውለው» አለኝ። «ሦስታችንም። የማን ይፈጥናል እየተባባልን። እኔና ይሄ ስንጣላ ዳኛው እሱ ነበር። ዳኝነቱ ደግሞ ሁለታችሁም ፋራ ናችሁ ማለት ብቻ ነው። ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና መወዳደራችን ነው።» ከዚያ ካርቶን ወደ ተቀመጠበት ወንበር አይቶ ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

ልቆጣ የነበርኩት ሰውዬ ምን ልሁን? እንባዬ መጣ፤ ካልሲዬን ረሳሁ፤ አውራ ጣቴ ወጣ።

«በል በል፣ እናትመውና የሚስተካከለውን ቁጭ ብለን እናስተካክላለን» አሉ። ፕሪንተሩ እየተንጫጫ አተመ። አነሣሁት። «ጓድ በየነ» ይላል። ለካ በመጨረሻው ዙር ጋሽ በየነን መልሰው ትተዋቸው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ውድድር በኋላ ያሸነፉት እሳቸው ናቸው። እንደገና ተተካ፣ እንደገና ታተመ። አሁን «ጓድ ጌታቸው» አለ። የመጨረሻዋ መስመር እንደወጣች መብራት ጠፋ። ማሽኑ እፍ እንደተባለ ሻማ ጸጥ አለ። የፎቁ ዘበኛ ደረጃው ላይ «ልዘጋ ነው! ውጡ!» እያለ በዱላው ብረቱን ይደበድባል። ጫማዬን በዳበሳ አጥልቄ ወጣሁ። ግራው የሙሉጌታ ነበር።

ቤት ስደርስ ድንኳን ሲተከል፣ አግዳሚ ሲበደር፣ ከየአገሩ የመጣ ዘመድ ሲላቀስ ደረስኩ። ቁጭ ብሎ የሰውን ሕይወት ማስተካከያ ጥግ ጠፋ። ሳነብ እየዘለልኩ አልፈዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ፊት ስቆም የራሴን ስም የምረሳ ሰው፣ እየመረጥኩ ልዘል።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ሞላ። እናቴ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ዓይኗ ድረስ ወርዷል። ተፈራና ሙሉጌታ ምሰሶው አጠገብ አሉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ ተነሥተው፣ «ጸጥታ! የሟች ወንድም የሕይወት ታሪክ ያሰማል» አሉ። ቆምኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁ።

«ጓድ ጌታቸው... በዚህ መሥሪያ ቤት... ለሠላሳ ዓመታት...»

መዝለሉን ረሳሁት።

«እንዴ!» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ሳይወለድ ነው የቀጠሩት?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

«ዝም በሉት፣ ያንብብ» አለች እናቴ።

«ዝምተኛ... ታጋሽ... ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ...»

እናቴ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገለጥ አደረገች። «ማን?»

«ጌታቸው፣ እማዬ።»

«የየትኛዋ እናት ጌታቸው?»

ላብ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ቶሎ ልጨርሰው ብዬ ሮጥኩ። ስሮጥ ደግሞ ምላሴ የሚቀድመኝ የማይሆን ቦታ ላይ ነው። «በስተመጨረሻም የሚወዳቸውን ስድስት ልጆቹን ትቶ...»

እናቴ በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ ወደ ፊት ተሳበች። ፊቷ ላይ ልጇ ከሞተ ወዲህ አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር። ዓይኗ በርቶ ነበር።

«ልጅ አለው?» አለችኝ። «ጌታቸው ልጅ አለው? የት ናቸው? ስንት አልክ?»

ተፈራ መነጽሩን አውልቆ መሬት መሬት ያያል።

«የለውም፣ እማዬ» አልኩ። «የሌላ ሰው ናቸው። የጋሽ በየነ። ስሙን ብቻ ነው የተካነው።»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ጮኻ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም። «እሺ» ብቻ አለች። «እሺ። የሌላ ሰው ናቸው።»

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንዳልተቀመጥኩ እስካሁን አላውቅም። መናገር የማይችል ሰው አንዳንዴ ዝም ማለትም ያቅተዋል።

«ጌታቸው ነጭናጫ ነበር» አልኩ። ሰው ቀና አለ። «ጠዋት ጠዋት ካልጮኸ አይነቃም። ሲላጭ ያፏጫል፤ ሲያፏጭ ራሱን ይቆርጣል፤ ሲቆርጥ ምላጩን ያደበዝክብኝ አንተ ነህ ብሎ እኔን ይቆጣል። ሲኒማ አይቶ ሲወጣ... ሰልፍ ላይ ለቆሙት መጨረሻውን ይነግራቸዋል። አንዴ ሊደበድቡት አባረውት እኛ ቤት ድረስ...»

«በር የከፈትኩት እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ ወልዴ። «እኔ ቤት ነው የገባው! አልጋ ሥር!»

ሰው ሳቀ። የሳቀው ሰው መልሶ አለቀሰ። ሙሉጌታ ከምሰሶው ሥር፣ «አንድ ቀን ትክክል ነህ ብሎኝ አያውቅም» አለና ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ። እኔ ቀጠልኩ። እየተንተባተብኩ፣ አንዱን ሁለቴ እየደገምኩ፣ ቀን ከቀን እያምታታሁ። ያለኝን በሙሉ ተናግሬ ሳበቃ እናቴን አየኋት።

«ሌላስ?» አለች።

አንድ ሲኒ ቡና የሚጠጣበትን ጊዜ ያህል እንኳ አልቆየም፤ ጨረስኩ ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ሁለት ነገር ፈልጌ ጨመርኩ።

«ሌላስ?»

ይኸው ድንኳኑ ከተነቀለ ቆየ። አግዳሚውም ለባለቤቱ ተመለሰ። እናቴ ግን ከሥራ ፍለጋ ስገባ ጠብቃ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ሌላስ?» ትለኛለች። ሰው ሲያስቡት ብዙ ይመስላል እንጂ ሲያወሩት ቶሎ ያልቃል። የኔ ጌታቸው አለቀብኝ። የማውቀውን ነገርኳት፤ የሰማሁትን ነገርኳት፤ ከነተፈራም ለምኜ አመጣሁላት። ባለፈው ግን ኪሴ ባዶ ነበር።

«አንድ ቀን» አልኳት፣ «ሰባ ደረጃ ላይ አንድ ደካማ ሽማግሌ አዝሎ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ማንም እንዲያውቅበት አልፈለገም።»

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ።

«ውሸትህን ነው» አለች። «ብቻውን ሲወጣ እንኳ ሦስቴ የሚያርፍ ሰነፍ ልጅ።»

አንገቴን ደፋሁ። ጓዳ ያለው ሬዲዮ ለራሱ ያወራል። ገብታ ዘጋችውና ተመልሳ ወደኔ ጠጋ አለች።

«ምን ይዘጋሃል? ቀጥል እንጂ» አለችኝ። «አዝሎት ሲወጣ ሽማግሌው ምን አለው?»